በተረተሩ ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ

ከእናቴ ቤት በላይ፣ ከዘቢዳር ተራራ ትከሻ ተነስተው ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ረጃጅም ተረተሮች አሉ። ጎን ለጎን እየወረዱ መጥተው ጫፋቸው ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው ያቆማሉ። በመሃላቸው ያለው ሜዳ ክረምት ሲገባ ውሃ ቋጥሮ ትንሽ ሐይቅ ይሆናል፤ በበጋ ከብት ይግጥበታል። ተወልጄ ሳድግ ስለ እነዚህ ተረተሮች አንድም ሰው ተረት ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ከቡታጅራ አለፍ ብሎ ስላለው ሐረ ሸይጣን ሐይቅ ብትጠይቁ፣ ጠንቋዩ በጦሩ መሬቱን ወግቶ እንዴት እንደከፈተው ያገኛችሁት ልጅ ሁሉ ይነግራችኋል። ስለ ተረተሮቹ ግን የሚባለው ነበሩ፣ አሁንም አሉ፣ ይኸው ብቻ ነው።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም ቡታጅራ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት፣ ክራባቴ አንድ፣ ትዕቢቴ ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል ሳይንስ የሚያስተምር አንድ ወጣት ፈረንጅ ነበር። ጠዋትም ሆነ ማታ ሰላምታው «እንደምን አደርክ» ነው፤ ሌላ አማርኛ አልገባ ብሎት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ መዶሻ ይዞ ገደል ለገደል ይዞራል፤ ድንጋይ ይሰብራል፣ ያሸታል፣ አንዳንዴም ይልሳል። የከተማው ሰው ጤንነቱን ይጠራጠር ነበር። እኔ ግን እንግሊዝኛዬን ማሳየት ስለምወድ አስተርጓሚው ሆንኩ።

አንድ ቅዳሜ እናቴን ላስተዋውቀው ወደ ላይ ይዤው ወጣሁ። ከቡታጅራ የሦስት ሰዓት ዳገት ነው። ተረተሩ ጫፍ ላይ ስንደርስ ፈረንጁ ቆመ፤ አንዴ ወደ ተራራው፣ አንዴ ወደ ሜዳው፣ አንዴ ማዶ ወዳለው ተረተር አየ። ከዚያ ድንገት መሬት ላይ ቁጭ አለ። ታመመ ብዬ ደንግጬ ውሃ ልሰጠው ስል፣ ይህን የሠራው በረዶ ነው አለኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። በዚያው ሳምንት ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የበረዶ ተራራ የሚገኘው በሰው አገር ነው፣ እኛ ጋ የለም ብዬ አስተምሬ ነበር። እሱ ደግሞ በጥንት ዘመን፣ ሰው መቁጠር በማይችለው ዘመን፣ ተራራው ላይ በረዶ በበረዶ ላይ ተከምሮ እንደ አለት ጠንክሮ ነበር ይላል። ክምሩ ከክብደቱ የተነሳ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት አፈሩንና ድንጋዩን እየገፋ በግራና በቀኝ ይከምራል፤ ዘመኑ ሲሞቅ ቀልጦ ይሄዳል፣ የከመረው ግን ይቀራል። በምሥራቅ በኩል የእንሴኖ ሜዳ ተዘርግቷል፣ ከዚያ ወዲያ ዝዋይ ሐይቅ ያበራል። ወደዚያ እያመለከተም ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ አለኝ። ከቦርሳው አውጥቶ ያሳየኝ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውሃ በማይደርስበት ደረቅ ገደል ላይ የለቀመው ነው። እኔ ተወልጄ ያደግኩበትን አገር ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ እንደ አዲስ ሲያስተዋውቀኝ፣ ልፈር ወይስ ልደሰት ግራ ገብቶኝ ቅርፊቱን አገላብጬ አየሁት።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ፈረንጁ ይህን ሁሉ ሲናገር በየዓረፍተ ነገሩ «ምናልባት» ይል ነበር። ምናልባት በረዶ ነው፤ ምናልባት እንዲህ ሆኖ ይሆናል። እኔን ይህ ቃሉ ያናድደኝ ነበር። የተማረ ሰው እንዴት ምናልባት ይላል? ስተረጉም መጀመሪያ የማስቀረው እሱን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ በእኔ ወሬ ዕረፍት አጣ። ቡታጅራ ሻይ ቤት ውስጥ፣ እንሴኖ ገበያ ላይ፣ ከመስጊድ ስንወጣ ሳይቀር በረዶውን አወራለሁ። የሰፈራችን ሼህ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰምተውኝ፣ «አላህ ውሃውንም በረዶውንም ፈጥሯል፤ የቱ ቀድሞ እንደመጣ አንተ ካወቅህ ማሻአላህ» አሉኝ። ሙገሳ መስሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ከረምኩ። እናቴ ደግሞ በረዶ ባቄላ ያጠፋል እንጂ ተራራ ሲሠራ አልታየም አለች። አማርኛ አታውቅም ነበር፤ እዚህ የምጽፈው ንግግሯ ሁሉ እኔ ከቋንቋችን ከመስቃንኛ የመለስኩት ነው።

እናቴ በሰፈሩ ሴቶች ዘንድ የተከበረችው በአንድ ነገር ነበር። እኛ አገር እንሰት ተቆርጦ፣ በሴቶች ተፍቆ፣ በኮባ በተለበጠ ጉድጓድ ይቀበራል። እዚያ ውስጥ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል፤ በቆየ ቁጥርም ይጣፍጣል። ሴቶች ሲፍቁ ወንድ ወደዚያ አይጠጋም፣ ነውር ነው። ጉድጓዱን በጉልበት የሚቆፍረው ወንድ ሊሆን ይችላል፤ የት እንደሚቆፈር ግን የሴት ጉዳይ ነው። በሰፈራችን ደግሞ ማንኛዋም ሴት ጉድጓድ ልታስቆፍር ስታስብ እናቴን ታስጠራ ነበር። እናቴ ትሄዳለች፣ አፈሩን በመዳፏ ትጨብጣለች፣ ታሸታለች፣ ሁለት ሦስት ቦታ ትሞክራለች። «እዚህ» ካለች እዚያ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ሰው አንገቷን ደፍታ ያላያት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ታናሽ እህቴ ገና ልጅ ሳለች እናቴ ለሠርጓ ብላ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ቆጮ ቀብራ ነበር። በየጊዜው ትከፍተዋለች፣ ያረጀውን ኮባ ትለውጣለች፣ መልሳ ትከድነዋለች። ስድስት ዓመት ሞላው። እህቴ ታጭታ ሠርጉ ከክረምት በኋላ ሊሆን ተቆረጠ። የሙሽራው ዘመዶች ሲመጡ መጀመሪያ የሚቀምሱት የሙሽራዋን እናት ቆጮ ነው፤ በዚያ ላይ ነው ቤቱን የሚመዝኑት። እናቴ ለዚያ ቀን ነበር የምትኖረው።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ከልክ አለፈ። የእናቴ ጉድጓድ የነበረው ከቤቱ ጀርባ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ስለሆነ መሬቱ መርጠብ ጀመረ። ክረምቱ ሳይገባ ቆጮው ወደ ሌላ ቦታ መዛወር ነበረበት። እናቴ ያሰበችው ከአንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ጓሮ ቦታ ልትለምን ነው። ሴትየዋም እሺ ብለዋል። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። የአስተማሪ እናት የቆጮ ጉድጓድ ከሰው ጓሮ ትዋሳለች? ከቤታችን በላይ ውሃ የማይተኛበት፣ ከፍ ያለ፣ የራሳችን ተረተር እያለ?

የግንቦት አንድ ቅዳሜ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ለማዛወሩ ሊረዱ እናቴ ግቢ ተሰብስበዋል። እኔና ፈረንጁ ደረስን። ለሁሉም ሰላምታ ከሰጠሁ በኋላ፣ ወንድ ሆኜ በሴት ጉዳይ አፌን ከፈትኩ። ጉድጓዱ ተረተሩ ላይ ይቆፈር አልኩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ሻሿን ወደ አፏ አስጠጋች። ለሚያይ ሰው፣ ገላ መታጠቢያቸው ድረስ የገባሁ ያህል ነው የደነገጡት።

አሮጊቷ ጎረቤታችን ብቻ ረጋ ብለው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ከሥሩ ምንጭ የሚፈልቅ ተረተር፣ ሆዱ ምን ይዞ ይመስልሃል?»

እውነትም ከተረተሩ ሥር ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳው ምንጭ አለ። እኔ ግን ሳቅሁ። ሳቄ እስከ ዛሬ ይሰማኛል፤ ያስጠላኛልም። እርስዎ አያውቁም እንጂ፣ ብዬ ጀመርኩና የበረዶውን ነገር ከሀ እስከ ፐ ዘረገፍኩት። ተራራ የሚያህል በረዶ የተጫነው አፈር እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ነው፣ ጠብታ ውሃ አያስገባም አልኩ። ፈረንጁ ምን እንደምል ሳይገባው ከአጠገቤ ቆሞ ፈገግ ይላል። ሴቶቹ ከእኔ ፊታቸውን አዙረው እናቴን አዩ።

እናቴ ተረተሩን አላየችም። የምታየው እኔን ነበር፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ፣ «ተምሮ የለ፤ እሱ ባለው ይሁን» አለች።

ሴቶቹ ለሥራው ተነሱ። የጉድጓድ ቦታ ላይ የእናቴ ቃል የመጨረሻ ነውና። እኔ ግን ያሸነፍኩት በዕውቀት መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ጎረቤት ወንዶች ተጠርተው ቆፈሩ። ከላይ ያለው ቀይ፣ የሚያጣብቅ፣ ድንጋይ የተቀላቀለበት ጭቃ ነበር። ፈረንጁ ደስታውን መቆጣጠር አቅቶት ገና ቆፋሪዎቹ ሳይወጡ ዘሎ ገባ። ግድግዳውን በመዶሻው ይፍቃል፣ ድንጋዮቹን ይነካካል፣ ይኸው፣ ልክ እንዳልኩህ፣ ይለኛል። እኔም ከላይ ሆኜ ለሴቶቹ አያችሁ እላለሁ። ከዚያ ወደ ታችኛው ጥግ ጎንበስ አለ። ጥቂት ፋቀና ዝም አለ። ከጭቃው ሥር አሸዋና ክብ ክብ ጠጠር ይታያል። አንድ እፍኝ ዘገነና ቀና አለ፤ ጠጠሩን በጣቶቹ መሃል እያፈሰሰ ወደ እኔ ተናገረ። ላይኛው ጥሩ ነው፣ ይህ ግን ውሃ ያሳልፋል፣ ምናልባት ክረምት ላይ ውሃው በዚህ ውስጥ ይሄድ ይሆናል፤ እናትህ ሌላ ቦታ ብትፈልግ ይሻላታል አለኝ።

እናቴ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ነበር። «ምን ይላል?» አለችኝ።

ሴቶቹ በሙሉ ያዩኛል። አሮጊቷ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ጆሮዬ ጋለ። አሁን ተሳስቻለሁ ብል ያ ሁሉ ንግግሬ፣ ያ ሁሉ ሳቄ ምን ሊባል ነው?

«ጥሩ ነው ይላል» አልኩ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ዛሬ መጻፌ ነው። በዚያች ቅጽበት በራሴ ደነገጥኩ። ከአፌ የወጣው ውሸት ሌላ ሰው የተናገረው ይመስል ዞር ብዬ ማን ነው ልል ምንም አልቀረኝም። ወዲያው ደግሞ ራሴን ማጽናናት ጀመርኩ፤ እሱም ቢሆን ምናልባት ነው ያለው። ያን የምጠላውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት።

ሴቶቹ ጉድጓዱን በኮባ ለበጡ፣ የስድስት ዓመቱን ቆጮ አዛወሩ፣ ከደኑ፣ ድንጋይ ጫኑበት። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ፈረንጁም ክረምቱን ሊያሳልፍ አዲስ አበባ ሄደ። የጫነው አውቶቡስ ወደ ቡኢ አቅጣጫ ሲያዘግም እያየሁ እፎይ ማለቴን አስታውሳለሁ።

ክረምቱ ኃይለኛ ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ጠዋት ሰፈሩ ተሸበረ። ከተረተሩ ሥር የሚወጣው ምንጭ ነጭ ሆኖ አደረ። ወተት ጠብ እንዳለበት ውሃ ደብዝዟል። ከብቶቹ አሸተቱትና አንጠጣም ብለው ዞሩ። ጂን ነው ያለ አለ፣ የሞተ ነገር ገብቶበት ነው ያለም አለ። ሼሁ መጥተው ዱዓ አደረጉ። እኔም ሮጬ ደረስኩና እንደ ሌላው ክው ብዬ ቆምኩ፤ ከዚያ ግን ብልጭ አለልኝ። ፈረንጁ አንድ ቀን ነግሮኝ ነበር፤ በእሱ አገር ከበረዶ ሥር የሚወጣ ወንዝ ነጭ ነው፣ በረዶው ድንጋዩን ፈጭቶ ዱቄት ስለሚያደርገው። ሰዎች ሆይ፣ አልኩ፣ አትፍሩ፤ ይህ የድንጋይ ዱቄት ነው፤ በረዶው በጥንት ዘመን የፈጨው ዱቄት በክረምቱ ብዛት ታጥቦ እየወጣ ነው። በጣቴ ነክቼ አሳየኋቸው። አሁን ማስረጃው በዓይናችሁ መጣ አልኳቸው።

አሮጊቷ ጎረቤታችንም እዚያው ነበሩ። ጎንበስ ብለው ውሃውን በመዳፋቸው ቀዱ፣ አሸተቱ፣ አፈሰሱት። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ እናቴ ቤት ሄዱ። ለጭውውት መስሎኝ ነበር።

ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጉድጓዱ ሊከፈት ሆነ። እኔ ከአጎቶቼ ጋር በግቢው በር በኩል ዳስ የሚጣልበትን እንጨት እናማርጣለን። ወንድ ወደ ተረተሩ አይወጣም። የቆየ ጉድጓድ ሲከፈትና ሽታው ደግ ሲሆን ሴቶች እልል ይላሉ፤ ጆሮዬን ወደዚያ አድርጌ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ቆይተው አሮጊቷ ብቻቸውን ወርደው መጡና፣ ና ተከተለኝ አሉኝ። ወንድ ወደ ቆጮ ጉድጓድ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። አጎቶቼም አልሰሙም፤ እንጨታቸውን እንደያዙ ቀሩ።

ላይ ስደርስ ሽታው ቀድሞ መታኝ። የቆጮ ሽታ አይደለም። ቀረብ ብዬ አየሁ። ኮባው ጠቁሮ በጥቁር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ከሥሩ ቆጮ የሚባል ነገር የለም፤ በታችኛው ጥግ ያ ጠጠር ታጥቦ ንጹህ ሆኖ ይታያል፣ በዚያ በኩል የተከፈተው ቀዳዳ ክንድ ያስገባል። ስድስት ዓመት የተቀበረው እዚያ ውስጥ ገብቶ ሄዷል። ነሐሴ ላይ ጣቴን ነክሬ ለሕዝብ ያሳየሁት ነጭ ነገር ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። የእናቴን ቆጮ ነበር በረዶ የፈጨው ድንጋይ ነው ብዬ ያስተማርኩት።

ቀና ብዬ ሴቶቹን ሳይ ሌላ ድንጋጤ መጣብኝ። አንዳቸውም አልደነገጡም። የበሰበሰውን ኮባ ያወጣሉ። እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ አፈሩን ወደ ውስጥ ትመልሳለች። የደነገጥነው እኔና እህቴ ብቻ ነበርን። እህቴ ከጉድጓዱ ማዶ ቆማ ታየኛለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ስድስት ዓመት ነው የቀበረችው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ሠርጓ ቀን አላነጋገረችኝም። አልፈረድኩባትም።

በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ሴቶች መምጣት ጀመሩ። እያንዳንዷ ከራሷ ጉድጓድ ያወጣችውን ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ተሸክማለች። ከታች ሰፈር ሳይቀር መጡ። አንዷም ስለ ትናንቱ አልተነፈሰችም። እናቴ እየተቀበለች ታመሰግናለች፣ አሮጊቷ ይደረድራሉ። በአንድ ቀን ይህን ሁሉ ሰው ማን እንደጠራው አልገባኝም ነበር። ኋላ ነው የሰማሁት፤ ነሐሴ ላይ፣ ያ ምንጭ በነጣ ሰሞን፣ እናቴና አሮጊቷ በየቤቱ ዞረው ለሠርጉ ትንሽ ትንሽ እንዲያስቀምጡ ለምነው ነበር። እኔ ምንጩ ዳር ቆሜ ስለ በረዶ ሳስተምር፣ እናቴ ቤት ለቤት እየዞረች ትለምን ነበር።

የሠርጉ ዕለት የሙሽራው አክስት ቆጮውን ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ። ቆጮ የሠራችውን ሴት እጅ ይናገራል፣ እሳቸውም አዋቂ ነበሩ። ይህ የስንት ሰው እጅ ነው ብለው እናቴን ጠየቋት። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። እኔ ልነሳ ፈለግሁ፤ ግን አልተነሳሁም።

«ለእኔው ጉድጓድ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ውሃ ገባብኝ» አለች እናቴ። «ይህ የጎረቤቶቼ ነው። ብሉ።»

በሉ። ሠርጉም አማረ፣ እህቴም በደስታ ሄደች። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጉድጓድ የምታስቆፍር ሴት እናቴን አላስጠራችም። ክፋት አልነበረበትም፤ የገዛ ልጇ ሠርግ ላይ የሳተች ሴት እንዴት ለሰው ትመርጣለች? አሮጊቷን መጥራት ጀመሩ። አንድ ቀን ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ሲቆፈር እናቴን አጥሩ ሥር ቆማ አየኋት። ከሩቅ ሆና የሚወጣውን አፈር ቀለሙን ትመለከታለች። እንዳየኋት ስታውቅ ጎመን ልትቀነጥስ እንደወጣች ነገረችኝ። አንዲት ቅጠል አልያዘችም ነበር።

ፈረንጁ በመስከረም መጨረሻ ሲመለስ ገና ሰላም ሳልለው ወሬ ነበረው። አዲስ አበባ ላይ ተራራ የሚያጠና ሰው አግኝቶ ስለ ተረተሮቻችን ነግሮታል። ሰውየው ተጠራጥሯል፤ ምናልባት በረዶ አይደለም፣ ምናልባት የተራራው ጎን ጥንት ተንዶ የተከመረ ነው ብሎታል። ፈረንጁ ይህን ሲነግረኝ ምንም አላፈረም፣ እንዲያውም ጓጉቷል፤ ሄደን እንደገና እንይ ይለኛል። እሱ ስቶ ምንም አልጎደለበትም፤ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ይሰርዛል፣ በቃ። አስተርጓሚ ሌላ ፈልግ አልኩት።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ ወልቂጤ ተዛወርኩ። የምሄድ ዕለት ረፋዱ ላይ እናቴ ጓዳ ውስጥ ስንቄን ትቋጥራለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ የነበረውን ነገር አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገረውም ብዬ ፈራሁ። ግን እንደ ፈሪ በጎን ነው የገባሁት።

«ያን ጊዜ፣ ተረተሩ ውሃ እንደሚያሳልፍ አላወቅሽም ነበር?» አልኳት።

«አውቅ ነበር» አለች፤ እጇ ከሥራው አላቆመም። «ፈረንጁም አውቆት ነበር። ጠጠሩን በጣቱ መሃል ሲያፈስ አይቼዋለሁ። ለዚያ አስተርጓሚ አያስፈልግም።»

የበሩን መቃን ያዝኩ። ውሸቴን ሁለት ዓመት ደብቄ የያዝኩ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ከተናገርኩበት ደቂቃ ጀምሮ ታውቀዋለች። ለምን ዝም አልሽ ስላት ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ጥሩ ነው ይላል አልክ፤ ሁሉም ሰማ» አለች። «አፌን ብከፍት ቆጮው ይተርፋል፤ አንተ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ትባላለህ።»

«እህቴስ? ሠርጓስ?»

እናቴ ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገች።

«እህትህ ጎረቤት ነበራት» አለች። «አንተ ያን ቀን ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረህም።»

ስንቁን እጄ ላይ አስቀመጠችና አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ቶሎ እንድወጣ ነገረችኝ። ይቅርታ ሳልላት ወጣሁ።